ገነትን በምን ሠሩት? ስለ «ዋት ድሪምስ ሜይ ካም» አሠራር የተደረገ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማነሳው አንድ የቆየ ፊልም ነው። «ዋት ድሪምስ ሜይ ካም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ሮቢን ዊልያምስ የተወነበት። ባልና ሚስት ሁለት ልጆቻቸውን በመኪና አደጋ ያጣሉ። ከዓመታት በኋላ ባልየውም በመኪና አደጋ ይሞታል። ሲነቃ ራሱን የሚያገኘው ሚስቱ በሣለችው ሥዕል ውስጥ ነው። ሣሩ ቀለም፣ አበባው ቀለም፣ ተራራው ቀለም። አበባውን ጨበጥ ሲያደርገው በጣቶቹ መሐል ይፈሳል። ሚስቱ ግን ሐዘኑን መሸከም አቅቷት ራሷን ታጠፋለች፤ እሱም ሊፈልጋት ወደ ሲኦል ይወርዳል።

ይህ ፊልም በተነሳ ቁጥር ያ ሁሉ ኮምፒውተር ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የፊልሙ ወዲያኛው ዓለም የሚያሳምነው ከዚህኛው ዓለም በተወሰደ ነገር ስለተሠራ ነው። እውነተኛ ተራራ፣ እውነተኛ መርከብ፣ እውነተኛ የሰው ፊት። ኮምፒውተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከካሜራ ጀርባ ስለነበረው ሥራ የምታውቁትን አምጡ ብዬ ይህን የውይይት ክር ከፈትኩ። መልሱ ስለበዛ፣ ዘግይታችሁ የመጣችሁ እንዳትቸገሩ በተራ ቁጥሩ እየሄድኩ እተርክላችኋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ የሠርግ ፎቶግራፈር ነው። በጣም በትህትና ነው የጻፈው። ወሬው ከጥሬ ፊልሙ መጀመር አለበት ባይ ነው። አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው ፉጂ ቬልቪያ በሚባል ጥሬ ፊልም ነው። ቬልቪያ ደግሞ ተራራና ሐይቅ የሚያነሱ ፎቶግራፈሮች የሚወዱት የስላይድ ፊልም እንጂ ሲኒማ ቤቶች የለመዱት ዓይነት አይደለም። አረንጓዴውን ያጠልቀዋል፣ ቀዩን ያነደዋል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው ይላል ይህ ወንድም። አይኤስኦው፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ 50 ብቻ ስለሆነ ብርሃን በብዛት ይፈልጋል። ብርሃኑን ትንሽ ከሳትክ ምሕረት የለውም። ተራ ኔጋቲቭ ቢሆን ላቦራቶሪ ውስጥ ይስተካከል ነበር፤ በስላይድ ግን ነጩ ባዶ ይሆናል፣ ጥቁሩም ድፍን ይላል። የካሜራው ኃላፊ ኤድዋርዶ ሴራ ይህን እያወቀ ነው የገባበት። እንግዲህ ያ የሚያንጸባርቅ ቀለም ገና ኮምፒውተር ሳይነካው ጥሬ ፊልሙ ላይ ነበረ ማለት ነው። ክሩ በዚህ መልስ ብቻ ቢያልቅ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 2 ሜሪላንድ ያለች እህት ናት። ፎቶግራፈሩን አመስግና፣ ያ ሐይቅና ተራራ በእውነት ያለ ቦታ ነው ወይስ ፈጠራ ስትል ጠየቀች።

መልስ 3 ወዲያው መለሰላት። ቦታው በሞንታና ግዛት የሚገኘው ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ነው። መላሹ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጭነት ይዞ በዚያ በኩል ሲያልፍ ወርዶ አይቶታል። ቀለሙን ከላዩ ላይ ብታነሱለት ተራራው ፊልሙ ላይ እንዳለ ነው ይላል፤ ጫፉ የተሳለ፣ ሐይቁ ከሥሩ የተኛ። ለሚሄዱም ምክር ጣል አድርጎላቸዋል። በበጋ ሂዱ፣ በክረምት በረዶው መንገዱን ይዘጋል።

መልስ 4 ረጅሙ ነው፤ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው የጻፈው። በሦስት ከፍሎ አስቀመጠው፣ እኔ ላሳጥረው። መጀመሪያ የመሬቱን ቅርጽ በሌዘር በሚለካ ሊዳር ያዙት። ይህ ነገር ዛሬ ስልክ ውስጥ ሳይቀር አለ፣ ያኔ ግን ለፊልም ሥራ ብርቅ ነበር። ቀጥሎ ኦፕቲካል ፍሎው የሚባል ስሌት መጣ። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። ፕሮግራሙ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል እያንዳንዱ ነጥብ ወዴት እንደሄደ ያሰላል። የብሩሹን ምት ያንን ነጥብ ተከትሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ነፋስ ሣሩን ሲያጎነብሰው ቀለሙም አብሮ ይጎነብሳል። ልጁ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሲያብራራ በጣም ግሩም ነገር ተናገረ። ሥዕሉ በየምስሉ እንደ አዲስ ቢሣል ኖሮ ቀለሙ ዓይን እስኪያደክም ይርገበገብ ነበር። ቀለሙ ባለበት ቆሞ ተራራው ብቻ ከኋላው ቢንቀሳቀስ ደግሞ በቆሸሸ መስኮት እንደማየት ይሆን ነበር። ሮቢን ዊልያምስ ቀለም ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ የሚታየው የብሩሽ ምት ከሣሩ ጋር ተጣብቆ የሚሄደው በዚህ ዘዴ ነው። ሥራውን የሠራው ማስ ኢሉዥንስ የተባለ ድርጅት ነው። በኋላ ስሙን ማኔክስ ብሎ በዓመቱ በ«ማትሪክስ» ላይ ጥይቱ በአየር ላይ ቀስ የሚልበትን ትዕይንት የሠራው እሱው ነው። ይህን ግንኙነት ብዙ ሰው አያውቀውም።

መልስ 5 እርማት ይዞ መጣ። ድርጅቱ አንድ ብቻ አልነበረም አለ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። ዲጂታል ዶሜይንም ነበረበት። ሚስትየው በሐዘኗ መካከል የምትሥለው፣ እሱ ባለበት ዓለም ብቅ የሚለው ያ ሐምራዊ ዛፍ የእነሱ ሥራ ነው። ዛፉ በእጅ አልተሣለም። ተክል ሲያድግ እንዴት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ የሚመስል ሕግ ለኮምፒውተሩ ሰጥተውት ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1999 የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካሩን የወሰዱት አራት ሰዎች ጆኤል ሃይኔክ፣ ኒኮላስ ብሩክስ፣ ስቱዋርት ሮበርትሰንና ኬቪን ማክ ናቸው። ለአንድ ድርጅት ብቻ ጠቅልሎ መስጠት የሌሎቹን ልፋት መርሳት ነው ብሎ ዘጋ። መልስ 4ን የጻፈው ልጅም እርማቱን በደስታ ተቀብሎታል።

መልስ 6 ላይ ነገሩ ጠነከረ። ይሄ ሁሉ ሊዳር፣ ይሄ ሁሉ ቬልቪያ ምን አመጣ ሲል ጀመረ። ወደ 85 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ የሰበሰበው ወደ 55 ሚሊዮን ብቻ ነው። ታሪኩ እንባ ለመጭመቅ ብቻ የተጻፈ ነው፣ ሰው ሲኒማ ቤት የሚገባው ቀለም ሲደርቅ ለማየት አይደለም አለ። ዳይሬክተሩንም ሥዕል የማያውቅ የማስታወቂያ ሠራተኛ ብሎ ሰደበው። ሐሳቡን እንደ ሐሳብ ይዞ መከራከር ይችል ነበር፤ ስድቡ ግን ምንም አላስፈለገም።

መልስ 7 ለዚህ የተጻፈ ነው፤ የሥዕል መምህርት ናት የጻፈችው። ዳይሬክተሩ ቪንሰንት ዋርድ የኒውዚላንድ ሰው ነው፣ ፊልም ከመሥራቱ በፊት የተማረው ሥዕል ነው። የፊልሙ ገነት ዝም ብሎ ውብ መልክዓ ምድር አይደለም ትላለች። ጀርመናዊው ሠዓሊ ካስፓር ዴቪድ ፍሪድሪሽ አለበት፤ ጭጋግ፣ ገደል፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ብቸኛ ሰው። ሞኔ አለበት፣ ቫን ጎግም አለበት። ባልየው ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሥዕል ውስጥ የሚገባው ሚስቱ ሥዕል ጠጋኝና ሠዓሊ ስለሆነች፣ እሱም የሚያውቀው ውበት የእሷ ብቻ ስለሆነ ነው። ቀለሙን ከታሪኩ ከነጠልከው ታሪኩ ይወድቃል ብላ መልስ 6ን ጠቅሳ ነገረችው። በገንዘቡ ጉዳይ አልተከራከረችም፤ ኪሳራው እውነት ነው። ግን አዘጋጁ ስቲቨን ሳይመን የሪቻርድ ማቲሰንን መጽሐፍ ፊልም ለማድረግ ወደ ሃያ ዓመት እንደደከመ አስታወሰችን። መጽሐፉ የወጣው በ1978 ነው፣ ፊልሙ በ1998። ይህን ያህል ዘመን አንድ ሐሳብ ይዞ በር ያንኳኳ ሰው ቸኩሎ ገንዘብ ሊሠራ መጣ አይባልም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ትዝታ ናቸው። ቪዲዮ ቤት ተከራይቶ ያየው አለ፣ ካሴቱ መሐሉ ላይ ተቆርጦበት መጨረሻውን ለዓመታት ሳያውቅ የቆየ አለ። አንዱ ደግሞ ውሻዋን ብቻ ነው የማስታውሰው አለ። ዳልሜሽያኗ ማለቱ ነው።

መልስ 11 ወደ ሲኦል አወረደን። መርከቦች ተገልብጠው የሚታዩበት ያ የዛገ ዓለም በከፊል የተቀረጸው በእውነተኛ የጦር መርከብ ላይ ነው። ዩኤስኤስ ኦሪስካኒ የምትባል፣ አውሮፕላን ተሸካሚ፣ ከአገልግሎት የወጣች። ያኔ ካሊፎርኒያ ቫሌሆ ከተማ ውስጥ ሜር አይላንድ ላይ ታስራ ነበር። ዝገቱ የቀለም ሥራ አይደለም፣ የዓመታት ዝገት ነው። በ2006 ፍሎሪዳ ፔንሳኮላ አጠገብ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደርጋ አሁን ዓሣ ተጠልሎባታል፣ ጠላቂዎችም ይጎበኟታል። ለእኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። ሲኦልን ለመሥራት ሰዎቹ በእውነት የሞተች መርከብ ፈለጉ።

መልስ 12 መርከቧን ይዞ ከፊልሙ ወጣ። ኦሪስካኒ በ1966 ቬትናም አካባቢ ሳለች ከባድ እሳት ተነስቶባት 44 ሰው ሞቶባታል። በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው አብራሪ ጆን ማኬይን በ1967 ሃኖይ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ የተነሳው ከእሷው ነበር። መልስ 13 ቀጠለና፣ ከቬትናም በፊት ኮሪያም ዘምታለች፤ የኛ ቃኘውም የዘመተው እዚያው ጦርነት ላይ ነው፣ አያቴም አንዱ ነበሩ አለ። ከዚያ ስለ ሜዳልያ፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ አራት ኪሎ ሰፊ ወሬ መጣ። መልስ 14 ወዳጆቼ፣ ክሩ የፊልም ነው ሲል ለመነ። የዘማቹ የልጅ ልጅ ይቅርታ ጠይቆ ለብቻው ሌላ ክር ከፈተ፣ እኔም እየተከታተልኩት ነው። የመርከቧ ታሪክ ግን ከርዕስ የወጣ አልመሰለኝም። 44 ሰው በእሳት የሞተባት መርከብ ላይ ሲኦልን መቅረጽ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

መልስ 15 ተዋንያኑን አመጣ። መንገድ መሪ ሆኖ ወደ ሲኦል የሚያወርደው ሽማግሌ ማክስ ፎን ሲዶው ነው። በ1957 በስዊድናዊው ዳይሬክተር በኢንግማር በርግማን «ሰባተኛው ማኅተም» ከሞት ጋር ቼዝ የተጫወተው ፈረሰኛ። አርባ ዓመት ቆይቶ ይኸው ከሞት ወዲያ ወዳለው አገር መንገድ አሳየ። ሌላም አለ። መሬቱ ሁሉ የሰው ፊት የሆነበትን ትዕይንት ታስታውሳላችሁ? ከፊቶቹ አንዱ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቨርነር ሄርዞግ ነው።  እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ተመልሼ አየሁት። ባልየው የሚረግጠው ቦታ ይጨንቀዋል፣ እያንዳንዱ ፊት ደግሞ ያወራዋል፣ ይነዘንዘዋል።

መልስ 16 የጎንደር ልጅ ነው። ፊቶቹን ሲያይ የመጣበት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች ተደርድረዋል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰይጣን በእሳት መካከል ተሥሏል። ሠዓሊዎቻችን ወዲያኛውን ዓለም በሰው ፊት መሥራት ያውቁበት ነበር ብሎ ኮራ። አምስት ሰው ወደደለት።

መልስ 17 ሳይታሰብ ክሩን አሞቀው። እንዲህ ያለ ፊልም ለምእመን አይጠቅምም አለ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንዳለው ሞቶ ሌላ ሰው ሆኖ ዳግም መወለድ የሚባል ነገር ከእምነታችን ውጭ ነው፣ ሲኦል ገብቶ ሚስትን ማውጣትም የለም፣ እናንተ ግን ስለ ቀለም ታወራላችሁ ሲል ገሠጸን። መልስ 18 ደግሞ በሳንቲሙ መለሰለት። ፊልም ሰባኪ አይደለም፣ ካልፈለግክ አትይ፣ ሰውን አታስፈራራ። እዚህ ላይ ሁለቱ አንተ፣ አንተ እየተባባሉ ብዙ ተመላለሱ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ አቋሜን ልናገር። የ17 ሥጋት በእምነቱ በኩል ትክክል ነው፤ ፊልሙ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፣ ነኝም አላለም። እኛ የምንነጋገረው ግን ሰዎች በምን ድካም እንደሠሩት ነው።

መልስ 19 ሁለቱን ያበረደች አንዲት ነርስ ናት። በጣም በዝግታ ነው የጻፈችው። እዚህ ከምናነበው መካከል እንደ ሚስትየዋ ራሱን ያጠፋ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፣ ቃላችንን እንምረጥ አለች። ፊልሙ ሴትየዋን የሚፈርድባት ዳኛ እንዳላስቀመጠ ልብ እንድንል አደረገች። ያለችው በጨለመ፣ በፈረሰ ቤት ውስጥ ነው፤ የገዛ ቤቷ ነው፤ መሞቷን እንኳ አታውቅም። ሐዘኗ ነው የዘጋባት። ሮቢን ዊልያምስ በነሐሴ 2014 በዚሁ መንገድ ካረፈ ወዲህ እሷ ፊልሙን እንደ ድሮው ማየት አትችልም። ነፍሱን ይማርልን። ከዚህ በኋላ 17ም 18ም ተመልሰው አልተሰዳደቡም።

መልስ 20 ሙዚቃ ነው። ይህ ታሪክ ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል። ሙዚቃውን መጀመሪያ የደረሰው ስመ ጥሩው ጣሊያናዊ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ኤኒዮ ሞሪኮኔ ነበር። ጽፎ ብቻ አልተወውም፣ በኦርኬስትራ ሙሉውን ቀድቶ አስረክቧል። ከዚያ ፊልሙ ላይ የአርትዖት ለውጥ ተደረገ፣ ሙዚቃውም ቀረ። በምትኩ ማይክል ኬመን ተጠራ፣ በጥቂት ሳምንታትም አደረሰ። ጊዜ ሲያጥረው ዋናውን ዜማ የወሰደው ወጣት ሳለ ከነበረበት ባንድ ካወጡት ከራሱ አሮጌ ዘፈን ነው።

መልስ 21 ይህን ሲሰማ ጦፈ። የሞሪኮኔን ሥራ የጣለ ሰው ሙዚቃ አያውቅም አለ። መልስ 22 ቀዝቀዝ ብሎ አስረዳው። ሙዚቃ የሚጻፈው ለተወሰነ ትዕይንት ርዝመት ነው። ትዕይንቱ ሲቆረጥ ዜማው ቦታውን ያጣል። የደራሲው ድክመት አይደለም፣ የፊልም ሥራ ጠባይ ነው። እኔ ግን እላለሁ፣ ኬመን ከወጣትነቱ ዘፈን መዋሱ ፊልሙን ጠቅሞታል። በትዝታ ለተሠራ ገነት የትዝታ ዜማ ይስማማዋል።

መልስ 23 ሁላችንንም ዝም አሰኘን፤ ከክሩ ሁሉ ይህን ነው የወደድኩት። በዚያው በ1998 ጃፓን ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ሌላ ፊልም ተሠርቷል አለ። የሂሮካዙ ኮሬ-ኤዳ «አፍተር ላይፍ»። እዚያ ገነት የለም፣ ቀለም የለም። ሙታን ሰኞ ዕለት አንድ ያረጀ የመንግሥት ቢሮ የሚመስል ሕንጻ ይገባሉ። ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይቀበሏቸዋል። ከሕይወትህ አንድ ትዝታ ብቻ ምረጥ ይባላሉ። ሠራተኞቹ ያንን ትዝታ በፊልም ይቀርጹላቸዋል፣ ቅዳሜ ያዩታል፣ ትዝታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ኮሬ-ኤዳ ከዘጋቢ ፊልም የመጣ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ከ500 በላይ ሰዎች የትኛውን ትዝታ እንደሚመርጡ ተጠይቀዋል። አንዳንዶቹ ራሳቸው ፊልሙ ላይ ገብተው የገዛ ትዝታቸውን ይናገራሉ፤ ተዋናዩን ከእውነተኛው ሰው መለየት ይቸግራል። አያቱ በመርሳት በሽታ መያዛቸውን ልጅ ሆኖ ያየ ሰው ነው፤ ትዝታ ሲጠፋ ምን እንደሚቀር ያውቃል። ትዕይንቶቹ የሚሠሩበትን መንገድ ደግሞ እዩት። ደመናው ጥጥ ነው። አንድ ሽማግሌ በልጅነቱ ትራም ላይ የነካውን ነፋስ ይመርጣል፣ ሠራተኞቹም የቆመውን ትራም በእጃቸው ይነቀንቁለታል።

መልስ 24 ታዲያ 85 ሚሊዮኑ ለምን አስፈለገ ሲል ጠየቀ። መልስ 6 ደስ ብሎት ተመለሰ። የሥዕል መምህርቷ ግን ሁለቱን አታወዳድሩ አለች። አንዱ የሴት ሥዕል ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሌላው የሰው አፍ ውስጥ፤ የሁለቱም መነሻ ግን አንድ ሰው በሕይወቱ የወደደው ነገር ነው። ይህ የእሷ ቃል መልስ 25 ነበር። ከዚህ በላይ ምን እጨምራለሁ?

መልስ 26 አዛውንት መሰሉኝ፣ አጻጻፋቸው ረጋ ያለ ነው። ልጆቼ፣ ከሁለቱም በፊት የእንግሊዞቹ አለ አሉ። በ1946 የፓወልና የፕረስበርገር «ኤ ማተር ኦፍ ላይፍ ኤንድ ዴዝ»። እነሱ ነገሩን ገለበጡት። ምድር በቀለም ነው፣ ወዲያኛው ዓለም በጥቁርና ነጭ። ሁለቱን የሚያገናኘው በእውነት የተሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው፤ 106 እርከን ነበረው፣ በሞተር ይነዳ ነበር። ጩኸቱ ስለበዛ እዚያ ላይ የተነገረው ንግግር በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀዳ። እኔም ጋሼ፣ እናመሰግናለን ብዬ ጻፍኩላቸው።

መልስ 27 መጨረሻው ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ ብሎ ጠየቀ። አንዱን ዲቪዲ ላይ አይቶታል። እዚህ ላይ እኔው መለስኩ። ሲኒማ ቤት የታየው ላይ ባልና ሚስቱ ወደ ምድር መመለስን መርጠው ሕፃናት ሆነው ውሃ ዳር በመጫወቻ ጀልባ ይገናኛሉ። ዲቪዲው ላይ ያለው ሌላኛው መጨረሻ ግን መመለሱን ምርጫ አያደርገውም። እሷ ስሪ ላንካ ትወለዳለች፣ በወጣትነቷም ትሞታለች፤ እሱ ፊላደልፊያ ይወለዳል፣ እሷን ካጣ በኋላም ብቻውን ይቀራል። ከዚያ እንደገና ይገናኛሉ። ይህኛው ይከብዳል፤ ግን ፊልሙ ሲያሳየን ለቆየው ሐዘን ይበልጥ የታመነ ይመስለኛል። መልስ 28 አልተስማማም፣ ተመልካች ያን ሁሉ አልቅሶ በዚያ አይሸኝም አለ። መልስ 29ም ከእሱ ጋር ነው። ለጊዜው እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ዲቪዲው ያላችሁ ሁለተኛውን መጨረሻ አይታችሁ 30 ብላችሁ ግቡ።